በሃያ ስድስት ዓመቴ ከአባቴ ቤት እንዴት እንደምወጣና እንደምገባ

በግቢያችን የብረት በር ከውስጥ በኩል አንዲት የእንጨት በርጩማ አለች። አባቴ የሚቀመጥባት ናት። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ትንሿን ሬዲዮ ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከቤተሰቡ ያልገባ ሰው ካለ እስኪገባ ድረስ ይቀመጥባታል። ያልገባው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ።

በፋርማሲ ተመርቄ መገናኛ አካባቢ በሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በተወለድኩበት ቤት ነው። «ሥራ ይዘሽ፣ ደመወዝ እያለሽ ለምን አትወጪም?» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው። የአንዲት ክፍል ኪራይ ከደመወዜ ከግማሽ በላይ ይወስዳል። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሳታገባ ከቤት የወጣች ልጅ «ምን ሆና ነው?» እየተባለች ከአቦል እስከ በረካ መነጋገሪያ ትሆናለች። ሦስተኛ ምክንያትም አለኝ፤ እወዳቸዋለሁ። በዚህ ላይ የእናቴን ሽሮ ትቶ መውጣት ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ከቤት ስለመውጣት አይደለም። በራችን የሚዘጋበትን ሰዓት ከ12 ሰዓት ተኩል ወደ 3 ሰዓት ተኩል ለማሻገር አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ያንን እንዴት እንዳደረግኩት ነው የምነግራችሁ። ያበላሸሁትም ብዙ ነው።

ከምንም በፊት፦ የሚፈሩት ምንድን ነው?

ወላጆቻችሁን «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ግን ጫማችሁን እያሰራችሁ አይሁን፤ ያን ጊዜ የሚጠየቅ «ለምን» ጥያቄ ሳይሆን ጠብ ነው። ምንም ፈቃድ በማትፈልጉበት ቀን ጠይቁ። እኔ የጠየቅኩት አንድ እሑድ፣ እናቴ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች ሳለ ነው። «አባዬ፣ አንተ ልጅ ሳለህ ስንት ሰዓት ነበር የምትገባው?» አልኩት። የጠበቅኩት «እኛማ ፀሐይ ሳትጠልቅ…» የሚል ስብከት ነበር። አባቴ ግን ሲኒውን አስቀመጠና ዝም አለ።

ከዚያ ነገረን። በ1970 ዓ.ም. እሱ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ቀይ ሽብር ነው። ወንድሙ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «ደብተር ተውሼ መጣሁ» ብሎ ወጣ። ሲመሽ አያቴ ትንሹን ልጇን፣ ማለትም አባቴን፣ «በር ላይ ሁነህ ጠብቀው፤ ሲመጣ ቶሎ ክፈትለት» አለችው። ጠበቀው። ሰዓት እላፊው ደረሰ፤ ወንድሙ አልመጣም። ነጋ፤ አልመጣም። አያቴ በዚያ ዘመን እንደነበሩ ብዙ እናቶች ድምፅ አውጥታ ማልቀስ እንኳ አልቻለችም። የአጎቴን ፎቶግራፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳሎን ግድግዳ ላይ አየዋለሁ። በሩ ላይ ማን ሲጠብቀው እንዳደረ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ አባቴ በርጩማዋ ላይ የሚቀመጠው ፀባዬን ሊቆጣጠር ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜማ «እስር ቤት ነው እንዴ?» ብዬው ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

የሁሉም ወላጅ ፍርሃት እንዲህ ያለ ታሪክ የለውም። የአንዲት ባልደረባዬ እናት የምትፈራው መኪና ነው፤ የሌላዋ አባት የሚፈራው የሰው አፍ ነው። መለየቱ የሚጠቅመው መድኃኒቱ ስለሚለያይ ነው። የጎረቤት ወሬ የሚፈራን አባት በየሰዓቱ ብትደውሉለት አይረጋጋም፤ እሱ የሚፈልገው ማን መኪና ውስጥ እንደታያችሁ ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት ከእናንተ መስማት ነው። አደጋ የምትፈራን እናት ደግሞ «አብረውኝ ያሉት ጨዋ ልጆች ናቸው» ብትሏት ምንም አይፈይድላትም፤ ጨዋ ልጆችም ይገለበጣሉ። እሷን የሚያሳርፋት በምን እንደምትሄዱና ማን እንደሚነዳ ማወቅ ነው።

ጃንጥላው

ዋሽቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሰባተኛው ወር፣ ሐምሌ ላይ፣ የጓደኛዬ ልደት ነበር። የጠዋት ፈረቃ ስለነበርኩ 10 ሰዓት ላይ እወጣለሁ፤ ለእናቴ ግን «ዛሬ ቆጠራ አለን፣ አመሻለሁ» አልኳት። ቆጠራ ማንም የማይጠረጥረው ውሸት ነው። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ይለያል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል፤ በእርግጥም ያስመሻል። የረሳሁት ነገር ቢኖር ወሩ ሐምሌ መሆኑን ነው። አመሻሹ ላይ ዝናቡ ሲወርድ አባቴ ጃንጥላዬ ቤት መቅረቱን አየ። ሁለት ታክሲ ተሳፍሮ፣ ጃንጥላዬን ይዞ መድኃኒት ቤቱ ድረስ መጣ። ተረኛዋ ባልደረባዬ ምንም ሳትጠረጥር «እሷማ በጊዜ ወጥታለች» አለችው።

እኔ 2 ሰዓት ላይ ረክቼ ገባሁ። አባቴ በርጩማዋ ላይ ነው፤ ጃንጥላው ግድግዳውን ተደግፏል። አልጮኸም። «ቆጠራው አለቀ?» ብቻ አለኝ።

የዚያ ጥያቄ ዋጋ ስምንት ወር ነበር። እውነተኛው ቆጠራ ሲመጣ እንኳ የሚያምነኝ ጠፋ። የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት «እባክዎን ለአባቴ በስልክ ይንገሩልኝ» ብዬ የለመንኩበት ቀን አለ፤ በሃያ ሦስት ዓመቴ። የውሸት ክፋቱ ከኋላው የሚመጣውን እውነት ሁሉ ማጠልሸቱ ነው።

ከተያዛችሁ ማብራሪያ አታብዙ። እኔ በማግስቱ ጠዋት «ልደት ነበር፤ ብነግርህ ትከለክለኛለህ ብዬ ነው የዋሸሁህ» አልኩት። «አዎ፣ እከለክልሽ ነበር» አለኝ። ቢያንስ ሁለታችንም እውነት ተናገርን።

ሁሉን ነገር ዘርግፉ ማለቴ አይደለም። ከማን ጋር ምን እንዳወራችሁ፣ ልባችሁ ወደ ማን እንዳዘነበለ የእናንተ ነው። የት እንዳላችሁና መቼ እንደምትገቡ ግን አትዋሹ። እኔ መስመሩን ያሰመርኩት እዚያ ላይ ነው።

ከመደወላቸው በፊት መደወል

በየወሩ መጀመሪያ የፈረቃ ሰንጠረዤን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ማቀዝቀዣው በር ላይ እለጥፋለሁ። ትልልቅ የሆነው የአባቴ መነጽር ስላረጀ ነው። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ እረፍት፤ ሌላ ነገር የለበትም። በመጀመሪያው ሳምንት አላዩትም መሰለኝ። በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ወረቀቱን አይታ «ሐሙስ ከሰዓት ነሽ፤ ጠዋት ወፍጮ ቤት ትሄጂልኛለሽ» ስትለኝ እንደሠራ ገባኝ።

የምትገቡበትን ሰዓት ስትናገሩ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። መገናኛ ላይ በሥራ መውጫ ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። 2 ሰዓት እደርሳለሁ ብላችሁ በ2 ተኩል ከምትገቡ፣ 2 ተኩል ብላችሁ በ2 ሰዓት ከ20 ብትገቡ ይሻላል። የመጀመሪያው መዘግየት፣ ሁለተኛው መቅደም ነው፤ ልዩነቱ ግን አሥር ደቂቃ ብቻ ነው።

ስልክ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ። እኔ የመረጥኩት አራት ኪሎ ነው፤ ታክሲ የምቀይረው እዚያ ነው። «አራት ኪሎ ነኝ» እላለሁ፤ እናቴ «እሺ» ትላለች፤ አለቀ። መጀመሪያ ላይ ከሥራ ስወጣም፣ ስሳፈርም፣ ስወርድም እደውል ነበር፤ የባሰ አስጨነቃቸው፤ አንዱ ጥሪ ሲዘገይ ሌላ ነገር የሆነ መሰላቸው። አሁን እናቴ ወጡን ምድጃ ላይ የምትጥደው በዚያች አንዲት ጥሪ ነው።

ለስልኩ መዝጋትም አስቀድማችሁ መላ አብጁ። አንድ ማታ ባትሪዬ አልቆ እናቴ አሥራ አንድ ሰው ጋር ደውላለች፤ የንስሐ አባታችንና ሐዋሳ ያለው አጎቴ ይገኙበታል። አጎቴ ከሐዋሳ ሆኖ ምን እንዲያደርግላት እንደፈለገች እስካሁን አልገባኝም። ከዚያ ወዲህ ፓወር ባንክ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ የአንዲት ባልደረባዬ ቁጥርም እናቴ ስልክ ላይ ተመዝግቧል። ራይድ ከያዝኩ የታርጋ ቁጥሩን ለወንድሜ በመልእክት እልካለሁ።

«ይህ እኮ ለቁጥጥሩ ራስን አሳልፎ መስጠት ነው» ያለችኝ ጓደኛ አለችኝ። በከፊል ልክ ናት። ግን እኔ የምመርጠው አንድ ስልክ ደውዬ እስከ 3 ሰዓት ተኩል መቆየትን ነው፤ እሷ በኩራት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ትገባለች።

ስትጠይቁ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 የመዘዋወር ነፃነትን ያረጋግጣል። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሰውም በሕግ ፊት አካለ መጠን ያደረሰ ነው። ይህን አውቀዋለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ቀን እራት ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤላቸዋለሁ። አባቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና «ጥሩ ነው፤ እንግዲህ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅሽ መንግሥት ይሁና» አለኝ። እናቴ ደግሞ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አለች። ሕጉ ልክ ነው፤ ቦታው ግን የእራት ገበታ አይደለም።

የሠራልኝ ትንሽ ጥያቄ ነው፤ ቀን ያለው፣ ማብቂያም ያለው። አለቃዬ የማታ ፈረቃ ስትሰጠኝ «ከእንግዲህ ማታ ነው የምሠራው» አላልኩም። «ለአንድ ወር፣ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ፤ 2 ሰዓት ተኩል እወጣለሁ፣ 3 ሰዓት ተኩል እገባለሁ። ወሩ ሲያልቅ ተቀምጠን እንነጋገር፤ ካላማራችሁ እተወዋለሁ» አልኩ። ደግሞም የምተወው ከልቤ ነበር። የማትተዉትን ነገር «ለሙከራ» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ወላጅ ይህን ያሸታል።

ብቻዬንም አልጠየቅኩም። የአባቴ ታላቅ እህት አሉ፤ እትዬ እንላቸዋለን። አባቴ በዚህ ምድር ላይ «እሺ» የሚለው ለሳቸው ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ሳሪስ ቤታቸው ሄድኩና ነገሩን ዘረዘርኩላቸው። እንዲለምኑልኝ አልጠየቅኳቸውም። «እትዬ፣ ምን ቢደረግ እንደሚስማማ ይጠይቁልኝ» ነው ያልኳቸው። ትእዛዝ ይዞ የሚመጣ ሽማግሌ አባትን ያስቆጣል፤ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ግን ያስመክራል። ከዚያ በፊት ለእናቴ ነግሬያት ነበር፤ እናትን ዘሎ አክስት ጋር መሄድ አንዱን ዳኛ ሁለት ማድረግ ነው። በእናንተ ቤት እትዬ የንስሐ አባት፣ ሼኽ ወይም የእድር ዳኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ወላጃችሁ በቀላሉ እምቢ ሊላቸው የማይችል ሰው መሆን አለባቸው። ቶሎ ቶሎ ግን አታስቸግሯቸው፤ እኔ በአራት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተጠቀምኩባቸው።

አባቴ ተስማማ፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀመጠ፤ ታክሲ መውረጃው ድረስ መጥቶ ይቀበለኛል። የሃያ አራት ዓመት ሴት፣ ጋቢ የለበሰ አባቷ ታክሲ ፌርማታ ላይ ቆሞ ሲጠብቃት! ተቀበልኩ። ጥያቄዬ በከፊል ከተፈቀደልኝ ኩራቴን ዋጥ አደርጋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ከታክሲ ረዳቱ ጋር ተዋውቀው ስለ ኳስ ያወራሉ። በአምስተኛው ሳምንት፣ ወሩ ማለፉን ማንም ሳያነሳው፣ «ዛሬ ብርዱ ከባድ ነው፤ ራስሽ ነይ» ብሎ ደወለልኝ። ደስታዬን አላሳየሁም። «እሺ አባዬ» ብቻ አልኩ። እናንተም እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ ዝም በሉ፤ «አየህ፣ ምንም አልሆንኩም!» ያለ ሰው በማግስቱ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ይጀምራል።

የእናቴ ግፊት

እናቴ የደም ግፊት አለባት። ባመሸሁ ቁጥር «ግፊቴን አስነሳሽው» ትላለች፤ ይህን የሰማ ልጅ ደግሞ መልስ የለውም። ባለሙያ ስለሆንኩ መልስ ፈለግኩለት። የግፊት መለኪያ ገዝቼ ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ለካኋት፤ በደብተርም ጻፍኩ። ባመሸሁባቸውና በጊዜ በገባሁባቸው ቀናት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። በሁለቱም ከፍተኛ ነበር።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። እናቴ ጠዋት መዋጥ ያለባትን ክኒን ከቅዳሴ በፊት ውኃ አልቀምስም ብላ ትተወው ነበር፤ 9 ሰዓት ላይ ስታፈጥር ደግሞ ትረሳዋለች። ይህን መድኃኒት ቤት ውስጥ በየዓመቱ አየዋለሁ፤ የገዛ ቤቴን ግን አላየሁትም። ሐኪሟ ዘንድ ይዣት ሄድኩና በእሱ ምክር የመዋጫ ሰዓቱ ወደ ማታ ዞረ። አሁን እራት ስንቀርብ ክኒኗን የማቀብላት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩም ወርዷል። «ጥፋቱ የእኔ አልነበረም» ብዬ ደብተሩን አላሳየኋትም። ደብተሩ የጠቀመኝ ለራሴ ነው፤ «እናቴን እየገደልኳት ነው» የሚለው ሐሳብ ለቀቀኝ። ወላጅ በጤናው ሲያስፈራራችሁ አትከራከሩ፤ ሕመሙን በቁም ነገር ያዙለት። እውነተኛ ሕመም ከሆነ መታከም አለበት፤ ካልሆነም ሐኪሙ ይናገር።

ስለ ገንዘብ ብዙ የምለው የለኝም። የመብራት ካርዱን እኔ እሞላለሁ፤ ለእናቴ መድኃኒትም እከፍላለሁ። ጠብ ሲነሳ ግን ገንዘቡን አላነሳም። አንድ ጊዜ አንስቼ የአባቴን ፊት አይቻለሁ፤ አልደግመውም።

ወንድሜ

ታናሼ ነው፤ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ኳስ አይቶ 4 ሰዓት ላይ ይገባል። «ወንድ ነው» ይላሉ። የተናደድኩበትን ያህል በምንም ነገር ተናድጄ አላውቅም፤ አሁንም አልበረደልኝም። ግን «ለእሱ የተፈቀደው ለእኔ ለምን ይከለከላል?» የሚለው ክርክር በቤታችን አንድ ጊዜም ሠርቶ አያውቅም፤ የሠራው እሱም በጊዜ እንዲገባ ማድረግን ብቻ ነው፤ ሁለታችንም ከሰርን። ስለዚህ ወንድሜን ወገኔ አደረግኩት። እሱ የሚያመሽበትን ቀን ከእኔ ፈረቃ ጋር ያገጣጥማል፤ ከአራት ኪሎ አብረን እንገባለን።

ጓደኞቻችሁን ቤት አምጡ። የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ልጅ ናት?» ነው፤ ሳይጠየቅ መልሱት። የወንድ ጓደኛ ጉዳይ ግን እኔም የተካንኩበት አይደለም። የሥራ ባልደረባዬ በመኪናው የሸኘኝ ማታ፣ ማን እንደሆነ ገና በር ላይ ተናገርኩ፤ ጠዋት ጎረቤት እስኪናገርልኝ አልጠበቅኩም። ከዚያ ያለፈውን ገና አልሞከርኩም።

ከከተማ መውጣት

ለአዳር ጉዞ በአዳር አትጀምሩ። እኔ የጀመርኩት በቢሾፍቱ ነው፤ ከአዲስ አበባ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠዋት ሄዶ 11 ሰዓት ላይ ይመለሱበታል። ሆራ ሐይቅ ዳር ሆኜ ፎቶ ላክሁላቸው። ከሁለት ወር በኋላ አዳማ። ሐዋሳ የመጣው በዓመቱ ነው፤ 275 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሁለት አዳር፣ የሙያ ሥልጠና። የጥሪ ደብዳቤውን ለአባቴ ሰጠሁት፤ ማኅተሙን አገላብጦ አየው። የሆቴሉን ስምና ስልክ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩ። ያ አሥራ አንደኛው ሰው፣ አጎቴ፣ በመጨረሻ ጥቅም ላይ ዋለ፤ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝና ለእህቱ «ደርሳለች» ብሎ ደወለላት።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ቤት

ከላይ ያልኩት የሚሠራው ፍርሃቱ ከፍቅር የመጣ ሲሆን ነው። የሚደበድብ፣ ቤት ውስጥ የሚቆልፍ፣ ደመወዝ ወይም መታወቂያ የሚነጥቅ፣ ለማትፈልጉት ሰው ሊድር የተዘጋጀ ወላጅ ሌላ ጉዳይ ነው። በእርሱ ላይ የፈረቃ ሰንጠረዥ አትለጥፉ። ጋብቻ ያለ ተጋቢዎቹ ሙሉና ነፃ ፈቃድ እንደማይጸና ሕገ መንግሥቱም፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይናገራሉ። መታወቂያችሁንና የትምህርት ማስረጃችሁን ከቤት ውጭ የምታምኑት ዘመድ ዘንድ አኑሩ፤ ለፖሊስ ወይም ለወረዳችሁ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ተናገሩ። እዚያ ላይ ትዕግሥት ጥበብ አይደለም።

እኔ ቤት የቀረው ጓደኛ ቤት ማደር ነው። ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለት ጊዜ «አልጋ የለሽም እንዴ?» ተብያለሁ። ጓደኛዬ ሚዜ አድርጋኛለች፤ ከሠርጉ ዋዜማ ጀምሮ እሷ ቤት ማደር ይኖርብኛል። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ለእናቴ ነግሬያታለሁ፤ የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ሳሪስ እሄዳለሁ።